አቅጣጫ ያለው ነገር ዝም ብሎ አይደመርም

ተማሪ ሳለሁ አንድ የፊዚክስ ፈተና ላይ ከክፍሉ ሁሉ ቀድሜ ጨርሼ ወጣሁ። ጥያቄው እንደ ቀልድ ነበር የታየኝ። 1,500 ኪሎ ግራም የምትመዝን የቤት መኪና በሰከንድ 16 ሜትር እየከነፈች ወደ ምሥራቅ ትሄዳለች፤ 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክአፕ ደግሞ በሰከንድ 12 ሜትር ወደ ሰሜን ይመጣል፤ መስቀለኛው ላይ ይላተሙና ተጣብቀው አብረው ይንሸራተታሉ። ከግጭቱ በኋላ ፍጥነታቸው ስንት ነው? እኔ ሆዬ የእያንዳንዱን ኪሎ ግራም በፍጥነቱ አባዝቼ 24,000 ላይ 30,000 ደመርኩ፣ ለ4,000 አካፈልኩ፣ 13.5 ብዬ ጻፍኩና በኩራት ወጣሁ። ወረቀቱ ሲመለስ መልሴ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ቃል ብቻ ተጽፋ አገኘሁ። «ወዴት?»

ያኔ ተናደድኩ። ጥያቄው ስንት ነው አለ እንጂ ወዴት ነው አላለም ብዬ። ግን ወዴት እንደሚሄዱ ሳያውቁ ስንት እንደሆነ ማወቅ አይቻልም፤ ጉዳዩ በሙሉ ይኸው ነው።

ሞመንተም ማለት የአንድ ነገር ማስ (መጠነ ቁስ የምንለው) በቬሎሲቲው ሲባዛ ነው። ቬሎሲቲ ደግሞ ባዶ ፍጥነት አይደለም፤ ፍጥነት ከነአቅጣጫው ነው። ስለዚህ ሞመንተምም አቅጣጫ አለው፣ ቬክተር ነው። ቬክተር የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ ቀስት ነው በቃ። ርዝመቱ መጠኑን ይነግራችኋል፣ ጫፉ ወዴት እንደሆነ ያሳያችኋል። ሁለት ቀስቶች አንድ መስመር ላይ ከሆኑ መደመርም መቀነስም ቀላል ነው። አንዱ ወደ ምሥራቅ ሌላው ወደ ሰሜን ከሆነ ግን 24,000 እና 30,000 ተደምሮ 54,000 አይመጣም። 3 ሜትር ወደ ምሥራቅ ከዚያ 4 ሜትር ወደ ሰሜን የተራመደ ሰው ከተነሳበት የራቀው 5 ሜትር እንጂ 7 እንዳልሆነ ሁሉ።

እንዲህ የተሳሳታችሁ ካላችሁ አይክፋችሁ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ረኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ በዓለም ላይ ያለው ጠቅላላ «የእንቅስቃሴ መጠን» አይለወጥም ብሎ ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው። ችግሩ እሱ የቆጠረው ትልቅነትን በፍጥነት አባዝቶ ብቻ ነው፤ አቅጣጫን ከሒሳቡ ውጭ ተወው። ከዚህ የተነሳ ስለ ግጭት ካወጣቸው ሕጎች አብዛኞቹ ስህተት ሆኑ። በ1668 የለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ሮያል ሶሳይቲ የግጭት ሕግ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ ጆን ዋሊስ፣ ክሪስቶፈር ሬን እና ክርስቲያን ሃይገንስ መልስ ላኩ። ሃይገንስ አቅጣጫ ካልተቆጠረ ድምሩ እንደማይጠበቅ፣ ከተቆጠረ ግን እንደሚጠበቅ ቁልጭ አድርጎ አስቀመጠው። እና 13.5 ብሎ የጻፈ ተማሪ ቢያንስ ከዴካርት ጋር ነው የወደቀው።

አሁን ወደ መፍትሔው። ቀስቱን ሁለት ቦታ እንከፍለዋለን፦ ስንቱ ወደ ምሥራቅ ነው፣ ስንቱ ወደ ሰሜን ነው? እነዚህ ሁለት ክፍሎች ኮምፖነንት ይባላሉ። አንዱን ኤክስ ሌላውን ዋይ እንላቸዋለን፤ ስሙ ለውጥ አያመጣም። ዋናው ነገር ሁለቱ በ90 ድግሪ የተለያዩ መሆናቸው ነው።

ለምንድን ነው መክፈሉ የሚረዳው? ይቺ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትታለፋለች፣ እኔ ግን ሌላው ሁሉ የሚቆመው እሷ ላይ ይመስለኛል። ሁለት ነገሮች ሲጋጩ አንዱ ሌላውን ይገፋል፣ የተገፋውም መልሶ እኩል ይገፋል፣ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ እኩል ለሆነ ጊዜ። ይህ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ነው። ስለዚህ አንዱ ያገኘውን ያህል ሞመንተም ሌላው ያጣል፣ ድምሩ ንቅንቅ አይልም። እዚህ ድረስ የታወቀ ነው። አሁን ግፊያውን ራሱን ክፈሉት። የግፊያው ምሥራቃዊ ክፍል የሚነካው የምሥራቁን ሞመንተም ብቻ ነው፤ ወደ ሰሜን የሚገፋ ነገር ደግሞ በምሥራቁ ላይ ቅንጣት አይጨምርም፣ ቅንጣት አይቀንስም። እናም የምሥራቁ ድምር ለብቻው ይጠበቃል፣ የሰሜኑም ለብቻው። ሁለት የሒሳብ መዝገብ እንደያዘ ሰው ቁጠሩት። ከአንዱ ወደ ሌላው ብር ማዘዋወር ክልክል ነው።

ፈተናዬን በዚህ እንፍታው። ከግጭቱ በፊት ወደ ምሥራቅ ያለው ሞመንተም የቤት መኪናዋ ብቻ ነው፦ 1,500 × 16 = 24,000 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ። ፒክአፑ እዚህ መዝገብ ላይ ዜሮ ነው። ወደ ሰሜን ያለው ደግሞ የፒክአፑ ብቻ ነው፦ 2,500 × 12 = 30,000። ከግጭቱ በኋላ አንድ ላይ 4,000 ኪሎ ግራም ሆነዋል። ወደ ምሥራቅ 24,000 ÷ 4,000 = 6 ሜትር በሰከንድ። ወደ ሰሜን 30,000 ÷ 4,000 = 7.5 ሜትር በሰከንድ። ሥራው አለቀ ማለት ይቻላል። መጨረሻ ላይ ሁለቱን በፓይታጎረስ እናገናኛለን፦ 6 በራሱ 36፣ 7.5 በራሱ 56.25፣ ድምሩ 92.25፣ ስኩዌር ሩቱ 9.6 ገደማ። አቅጣጫው፣ ያቺ «ወዴት?» ማለት ነው፣ 7.5 ለ6 ሲካፈል 1.25፣ ታንጀንቱ 1.25 የሆነው አንግል 51 ድግሪ አካባቢ ነው፣ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ሲለካ። 13.5 የት፣ 9.6 የት!

አስተውሉ፣ ፍጥነቱን በቀጥታ አልፈለግነውም። እስከ መጨረሻው ድረስ በኮምፖነንት ቆይተን ነው አንዴ ብቻ ያገናኘነው። ብዙ ሰው መሐል ላይ ያገናኝና እንደገና ይከፍላል፤ ያኔ ነው ስህተት የሚገባው።

በነገራችን ላይ እዚሁ ምሳሌ ላይ ኢነርጂውን አስሉት። ከግጭቱ በፊት የሁለቱ ካይነቲክ ኢነርጂ (የእንቅስቃሴ ኢነርጂ፣ የማሱ ግማሽ በፍጥነቱ ስኩዌር ሲባዛ) 372,000 ጁል ነበር፣ በኋላ 184,500 ሆነ። ግማሹ የለም። የት ገባ? ብረት አጣመመ፣ መስታወት ሰበረ፣ ሙቀትና ድምፅ ሆነ። ሞመንተሙ ግን አልተነካም። ስለዚህ «ተጣብቀው» የሚል ቃል ካያችሁ ካይነቲክ ኢነርጂ እኩል ነው ብላችሁ እንዳትነሱ፤ ሞመንተምን ብቻ እመኑ።

ይኸው ሒሳብ ወደ ኋላም ይሠራል፣ ለእኔ እንዲያውም ከሁሉ የሚጥመው ይህ ነው። የትራፊክ አደጋ የሚመረምሩ ባለሙያዎች ግጭቱን አላዩትም፤ ያላቸው አስፋልቱ ላይ የቀረ የጎማ ምልክት ነው። ሁለቱ መኪኖች ተጣብቀው 6.7 ሜትር ያህል ተንሸራትተው ቆሙ እንበል፣ ምልክቱም ከምሥራቅ 51 ድግሪ ያዘነበለ ነው። የፍጥነቱ ስኩዌር 2 × ሰበቃ × የመሬት ስበት (9.8) × ርቀት ነው፤ የደረቅ አስፋልት የሰበቃ መጠን 0.7 ገደማ ብንይዝ 2 × 0.7 × 9.8 × 6.7 ወደ 92 ይመጣል፣ ስኩዌር ሩቱ 9.6 ነው። ይህ ከግጭቱ በኋላ ወዲያው የነበራቸው ፍጥነት ነው። በ4,000 ስናባዛው 38,400 ሞመንተም እናገኛለን። አሁን ቀስቱን እንከፍላለን፦ በኮሳይን ወደ ምሥራቅ 24,000 ገደማ፣ በሳይን ወደ ሰሜን 30,000 ገደማ። የቤት መኪናዋ ማስ 1,500 ስለሆነ ፍጥነቷ በሰከንድ 16 ሜትር ያህል ነበር፣ ማለትም በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሹፌሩ «በ40 ነበር የምነዳው» ቢል አስፋልቱ ይመሰክርበታል።

ሳይንና ኮሳይን ካነሳን አይቀር፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙዎች «ኤክስ ሁልጊዜ ኮሳይን ነው» ብለው ይሸመድዳሉ። ይህ የሚሠራው አንግሉ ከኤክስ መስመር ሲለካ ብቻ ነው። ጥያቄው «ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 20 ድግሪ» ካለ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኮሳይን ለሰሜኑ ይሆናል። ከመሸምደድ አንድ ነገር ያዙ፦ ኮሳይን የሚሄደው አንግሉ ወደተለካበት መስመር ነው። ከተጠራጠራችሁ አንግሉን በሐሳባችሁ ዜሮ አድርጉት። ዜሮ ሲሆን ቀስቱ ሙሉ በሙሉ የተለካበት መስመር ላይ ይተኛል፣ የዜሮ ኮሳይን ደግሞ 1 ነው። ስለዚህ ኮሳይን የዚያ መስመር ነው። አለቀ።

ቀጥሎ ተለያይተው የሚሄዱበት ግጭት። ሁለት እኩል ማስ ያላቸው ኳሶች ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ አሉ። አንዱ ቆሟል፣ ሌላው በሰከንድ 5 ሜትር እየተንሸራተተ መጥቶ ጎኑን ይመታዋል። የመጣው ኳስ ከግጭቱ በኋላ በሰከንድ 4 ሜትር፣ ከመጀመሪያው መንገዱ 37 ድግሪ ወደ ግራ ታጥፎ ሄደ። ሁለተኛውስ? ማሳቸው እኩል ስለሆነ ከሁሉም ቦታ ይሰረዛል፤ በፍጥነት ብቻ መሥራት እንችላለን። ወደፊት ባለው መስመር ድምሩ 5 ነበር። የ37 ድግሪ ኮሳይን 0.8፣ ሳይኑ 0.6 ገደማ ነው፤ የመጀመሪያው ኳስ 4 × 0.8 = 3.2 ወሰደ። የቀረው 1.8 የሁለተኛው ነው። ወደ ጎን ባለው መስመር ግን መጀመሪያ ላይ ምንም አልነበረም፣ ዜሮ ነው። የመጀመሪያው ወደ ግራ 4 × 0.6 = 2.4 ከያዘ ሁለተኛው የግድ 2.4 ወደ ቀኝ ሊኖረው ነው፣ ድምሩ ዜሮ እንዲሆን። ምልክቱ እዚህ ሕይወት ነው፦ ግራን ፖዘቲቭ ካላችሁ ቀኝ ኔጌቲቭ ነው፣ እስከ መጨረሻ። 1.8 እና 2.4 በፓይታጎረስ ሲገናኙ ልክ 3 ይመጣሉ፤ አንግሉ ወደ ቀኝ 53 ድግሪ ነው።

37 እና 53 ሲደመሩ 90 መሆናቸውን ልብ አላችሁ? ድንገት አይደለም። 5 በራሱ 25 ነው፣ 4 በራሱ 16፣ 3 በራሱ 9፤ 16 ሲደመር 9 ደግሞ 25። ማለትም ካይነቲክ ኢነርጂው አልጠፋም። እኩል ማስ ያላቸው ሁለት ነገሮች፣ አንዱ ቆሞ፣ ኢነርጂ ሳይባክን በጎን ከተጋጩ ሁልጊዜ በ90 ድግሪ ይለያያሉ፤ ሦስቱ ቀስቶች ባለ ቀጤ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ይሠራሉና። ቢሊያርድ የሚጫወት ሰው ስሙን ባያውቀውም በዓይኑ ያውቀዋል። እርግጥ እውነተኛ ኳስ ይሽከረከራል፣ ጨርቁም ይይዘዋል፣ ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ይዛባል። ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ከመታው ደግሞ ይህ ሕግ የለም፤ መጪው ኳስ ይቆምና ፍጥነቱን ሁሉ ለቆመው ያስረክባል።

አሁን ካልኩሌተር የሚያሳስትበትን ቦታ ላሳያችሁ። አንድ የቆመ ነገር ፈንድቶ ሦስት ቦታ ተበተነ። 2 ኪሎ ግራሙ በሰከንድ 6 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ 1.5 ኪሎ ግራሙ በሰከንድ 6 ሜትር ወደ ሰሜን ሄዱ። ሦስተኛው 3 ኪሎ ግራም ነው። መጀመሪያ ሁሉም ቆሞ ስለነበር ሁለቱም መዝገቦች ዜሮ ናቸው፣ መጨረሻም ዜሮ መሆን አለባቸው። ወደ ምሥራቅ 12 ካለ ሦስተኛው −12 አለው። ወደ ሰሜን 9 ካለ ሦስተኛው −9 አለው። መጠኑ 15፣ ፍጥነቱ 15 ÷ 3 = 5 ሜትር በሰከንድ። እስካሁን ሰላም ነው። አንግሉን ስትፈልጉ −9 ለ−12 አካፍላችሁ ካልኩሌተሩ ላይ ታስገባላችሁ፣ እሱም 36.9 ድግሪ ይላል። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ማለት ነው! ግን ሁለቱ ቁርጥራጮች በደፈናው ወደዚያው ነው የሄዱት፤ ሦስተኛውም ተከትሏቸው ከሄደ የቆመው ነገር ራሱን በራሱ ገፍቶ ተነሳ ልንል ነው። ካልኩሌተሩ ምን በወጣው፣ ሁለቱ ኔጌቲቮች ሲካፈሉ ተጠፋፍተው ፖዘቲቭ ደረሰው። ሥዕል የሣለ ሰው ግን አይታለልም። ኤክሱም ዋዩም ኔጌቲቭ ከሆኑ ቀስቱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ 36.9 ድግሪው ከምዕራብ ወደ ደቡብ የሚለካ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሣሉ። ጎበጥ ያለ ቢሆን እንኳ ሣሉ። ካልኩሌተሩ በራዲያን ሳይሆን በድግሪ መሆኑንም እዩ፤ በዚህች ብቻ ስንቱ ጎበዝ ተማሪ እንደተበላ።

ብዙ ማብራሪያ ላይ የማይነገር ነገር ደግሞ አለ። ሞመንተም በአንድ መስመር ተጠብቆ በሌላው ላይጠበቅ ይችላል። አግድም በሰከንድ 3 ሜትር የሚሄድ 60 ኪሎ ግራም ጋሪ ላይ ከላይ ቀጥ ብሎ 30 ኪሎ ግራም ጆንያ ወደቀበት እንበል። ጆንያው ወደ ታች ሞመንተም ነበረው፣ አሁን የለውም። ጠፋ? መሬት ነው የተቀበለው፣ ጋሪውን ከታች በመደገፍ። ስለዚህ በቁም መስመር ጋሪና ጆንያ ብቻቸውን ሲታዩ ሞመንተማቸው አልተጠበቀም። በአግድም መስመር ግን የሚገፋም የሚጎትትም ከውጭ የመጣ የለም፤ ጎማው ሰበቃ የለውም ካልን። ስለዚህ 60 × 3 = 180 ሞመንተም ለ90 ኪሎ ግራም ይካፈላል፣ ፍጥነቱ ወደ 2 ይወርዳል። ጆንያው በምን ያህል ፍጥነት እንደወደቀ ጥያቄው ቢነግራችሁም ለዚህ መልስ አያስፈልግም፤ ሌላ መዝገብ ላይ ያለ ሒሳብ ነው። እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ ጠይቁት፦ በዚህ አቅጣጫ ከውጭ የሚገፋ አለ ወይስ የለም?

መስመሮቹን የምንመርጠው ደግሞ እኛ ነን። ኤክስ የግድ ወደ ቀኝ፣ ዋይ የግድ ወደ ላይ መሆን የለባቸውም። ምርጫው መልሱን አይለውጠውም፤ አልሸሹም ዞር አሉ ነው። ሥራውን ግን ያቀላል ወይም ያከብዳል። ኳስ ግድግዳ ላይ ሲነጥር አንዱን መስመር በግድግዳው ርዝመት ሌላውን በቀጥታ ወደ ግድግዳው አድርጉት። 0.5 ኪሎ ግራም ኳስ በሰከንድ 10 ሜትር፣ ከግድግዳው 37 ድግሪ ሆኖ መጣ። በግድግዳው ርዝመት 8 ሜትር በሰከንድ አለው፣ ወደ ግድግዳው 6። ግድግዳው ለስላሳ ከሆነና ኳሱ ፍጥነቱን ሳያጣ ከነጠረ 8ቱ እንዳለ ይቀጥላል፣ 6ቱ ወደ −6 ይገለበጣል። የሞመንተሙ መጠን 5 ነበር፣ አሁንም 5 ነው። ለውጡስ? ዜሮ እንዳትሉ። ከ6 ወደ −6 የ12 ለውጥ ነው፣ በ0.5 ሲባዛ 6። ለውጡ ከሞመንተሙ ራሱ በለጠ! መጠንን ብቻ ለሚያይ ሰው ይህ አስማት ነው፣ ቀስት ለሚያይ ሰው ግን ግልጽ ነው።

የፈነዳውን ነገር አንዴ ልመልሰውና ላብቃ። ሦስተኛውን ቁርጥራጭ ማንም ሳያየው ፍጥነቱንም አቅጣጫውንም አገኘነው አይደል? እ.ኤ.አ. በ1983 ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ ደብሊው ቦዞን የተባለው ረቂቅ ቅንጣት የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ፕሮቶንና አንቲፕሮቶን (ተቃራኒ ቻርጅ ያለው አቻው) በአንድ መስመር ላይ ፊት ለፊት ይጋጫሉ፤ ስለዚህ ከዚያ መስመር ወደ ጎን ያለው ሞመንተም መጀመሪያ ላይ ከዜሮ አይርቅም። ከግጭቱ በኋላ የሚወጡትን ሁሉ በኮምፖነንት ደመሩ። አንዳንዶቹ ግጭቶች ላይ በአንድ በኩል ብቻውን የተወረወረ ብርቱ ኤሌክትሮን አለ፣ በሌላው በኩል ምንም የለም። መዝገቡ አልገጥም አለ። ደብሊው ቦዞን ሲበታተን ከኤሌክትሮኑ ጋር ኒውትሪኖ የሚባል ሌላ ቅንጣት ያወጣል፣ ኒውትሪኖ ደግሞ መሣሪያውን ሁሉ ምንም ሳይነካ አልፎ ይሄዳል። ካርሎ ሩቢያ እና ሲሞን ፋን ደር ሜር ለዚህ ሥራ በ1984 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ድምሩን ወደ ዜሮ ለመመለስ የሚያስፈልገው ቀስት ደግሞ ኤሌክትሮኑ ከሄደበት በተቃራኒው ነበር የሚያመለክተው።